ካሬ ሜትር ለሜትር ሲካፈል ምን ይደርሰዋል?

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ የሒሳብ ደብተሯን ታቅፋ መጣች። ጎንደር ቤታችን ቡና እየተቆላ ነበር። «አጎቴ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም» አለችኝ።

ጥያቄው ቀላል ነው። የአንድ አራት ማዕዘን ስፋት 60 ካሬ ሜትር ነው። ወርዱ 5 ሜትር ነው። ርዝመቱ ስንት ነው? መልሱን ታውቀዋለች፤ 12 ሜትር። ያልገባት ሌላ ነው። «ካሬ ሜትር እንዴት ለሜትር ይካፈላል? ሽሮን ለዘይት እንደማካፈል አይሆንም?»

እውነቴን ነው፣ ወዲያው መልስ አልመጣልኝም። «ቀመሩ እንደዚያ ነው» ብዬ ላልፋት ምንም አልቀረኝም። ግን ጥያቄዋ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ወረቀት አስመጣሁ። እስከ ሦስተኛው ሲኒ ድረስ ስንሥል፣ ስንሰርዝ ቆየን። ከዚያ የወጣውን ነው እዚህ የምጽፈው። ለተማሪ ይሆናል፤ ቤት ለሚሠራ ሰውም ይሆናል።

መጀመሪያ «ለ» የምትለዋን ፊደል እንያት

ማካፈል ስንል አማርኛው ራሱ ሥዕሉን ያቀብለናል። 60 እንጀራ ለ5 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 12 እንጀራ ይደርሰዋል። ውጤቱን ድርሻ የምንለውም ለዚህ ነው። እንጀራና ሰው አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ግን ማንም ግር አይለውም። «12 እንጀራ ለአንድ ሰው» ብሎ ይዘጋዋል።

አሁን ካሬ ሜትሩን እንዲሁ እናድለው። የሚታደለው 60 ካሬ ሜትር መሬት ነው። ድርሻ ለመቀበል የተሰለፉት በወርዱ ላይ የተደረደሩት 5 ሜትሮች ናቸው። ወረቀቱ ላይ ወርዱን አምስት ቦታ ከፋፈልነው። ከእያንዳንዱ ሜትር ተነስተን ወደ ውስጥ መስመር ጎተትን። አምስት ረጃጅም ቁራጭ መሬት ወጣ። ለእያንዳንዱ ሜትር የደረሰው 12 ካሬ ሜትር ነው።

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ 1 ሜትር ወርድ አለው። ወርዱ 1 ሜትር ሆኖ ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር የሆነ መሬት ርዝመቱ ስንት ነው? 12 ሜትር ነዋ! ስለዚህ «12 ካሬ ሜትር ለአንድ ሜትር» እና «12 ሜትር» ሁለት ነገር አይደሉም። አንዱ ነገር በሁለት ስም ተጠርቶ ነው። ልጅቷ ይህን ስታይ እርሳሷን ጣለችው። እኔም ብሆን በዚህ ዕድሜዬ ገና ያን ቀን ነው በትክክል ያየሁት።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ከነመለኪያው ጻፉ

ይህን የምለው ከፍዬበት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሳሎናችን ወለል ላይ ሴራሚክ ላስነጥፍ ተነሳሁ። ክፍሉ 4 ሜትር በ3.6 ሜትር ነው። ስፋቱ 14.4 ካሬ ሜትር ይመጣል። ሴራሚኩ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ ብልጡ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና 14.4ን ለ0.4 አካፈልኩ። 36 አለኝ። 36 ፍሬ በባጃጅ ጭኜ ገባሁ። ነጣፊው ቆጠረና ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለግማሹም አይበቃም» አለኝ።

ልክ ነበር። የሚያስፈልገው 90 ነው። ታዲያ 36 ምን ነበር? ባዶ ቁጥር አድርጌ ስላየሁት ፍሬ መሰለኝ። መለኪያውን ጽፌ ቢሆን ኖሮ 14.4 ካሬ ሜትር ለ0.4 ሜትር 36 ሜትር መሆኑ ፊት ለፊት ይታየኝ ነበር። ሜትር! ፍሬ አይደለም። ሴራሚኮቹን እንደ ተማሪ ሰልፍ በአንድ ረድፍ ብንደረድራቸው የሰልፉ ርዝመት 36 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ስንት ፍሬ እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ማካፈል ቀርቶኛል። እያንዳንዱ ፍሬ ከሰልፉ 0.4 ሜትር ይይዛል። 36 ሜትር ለ0.4 ሜትር 90 ነው። አሁን መለኪያው ተጣፍቶ ጠፋ። የቀረው ቁጥር ብቻ ነው፤ ፍሬ የሚቆጠረውም እንዲህ ያለው ቁጥር ነው።

ደረጃ 2፦ የተለያየው ምኑ ነው?

«የተለያየ መለኪያ» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። ሜትርና ሳንቲ ሜትር ስማቸው ቢለያይም ዘራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ርዝመት ይለካሉ። ካሬ ሜትርና ሜትር ግን ዘራቸውም ይለያል። አንዱ ስፋት፣ ሌላው ርዝመት ነው። ከማካፈላችሁ በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደገጠማችሁ ለዩ።

ዘሩ አንድ ከሆነ ጥያቄው «ይህ በዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል?» ነው። መልሱ መለኪያ የሌለው ቁጥር ነው። ትምህርት ቤት ንጥጥር የሚሉት ይህን ነው። አንድ ደስ የሚል ጠባይ አለው፤ የለካንበት ነገር ግድ አይሰጠውም። ምንጣፉን በእኔ ክንድ ለካነው። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 2 ክንድ ሆነ። በእሷ ክንድ 10 እና 2.5 መጣ። የእሷ ክንድ አጭር ነዋ። 8 ለ2 አራት ነው፤ 10 ለ2.5ም አራት ነው። ክንዱ ሰው በሰው ይለያያል፤ ንጥጥሩ ግን አይነቃነቅም።

ክብ ላይም ያው ነው። በአንድ ክብ ማማ ዙሪያ ገመድ አዙሩ። የዞረው ቅስት 3 ሜትር ሆኖ የማማው ሬዲየስ 2 ሜትር ቢሆን 3 ሜትር ለ2 ሜትር 1.5 ነው። ሜትሩ ጠፋ፤ የቀረው የማዕዘን ልክ ነው። ራዲያን የሚባለው ይህ ነው፤ 1.5 ራዲያን ወደ 86 ዲግሪ ይጠጋል። ቅስቱ ከሬዲየሱ ጋር በዚያው ልክ እስካደገ ወይም እስካነሰ ድረስ፣ ማማው ትልቅ ሆነ ትንሽ ለማዕዘኑ ለውጥ የለውም።

ዘሩ ከተለያየ ደግሞ «ስንት ጊዜ ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። በ60 ካሬ ሜትር ውስጥ 5 ሜትር ስንት ጊዜ እንደሚገባ የሚነግረኝ ካለ ይምጣ። መስመር ውፍረት ስለሌለው መሬት አይሞላም። እዚህ ያለው ጥያቄ «ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?» ነው። የሽሮና ዘይት ግርታ የመጣው ሁለቱን ጥያቄዎች ከማምታታት ነው።

ልጅቷ በዚህ ግርታ ብቻዋን አይደለችም። የጥንቱ ግሪካዊ ዩክሊድ ንጥጥር የሚፈቅደው ለአንድ ዘር ብቻ ነበር፤ መስመር ከመስመር፣ ስፋት ከስፋት ጋር። ሥራውን ግን ይሠራው ነበር። አንድ መስመር ይሰጥና በዚያ መስመር ላይ የተፈለገውን ያህል ስፋት ያለው ቅርጽ እንዴት እንደሚቆም ያሳያል። የእኛው 60 ካሬ ለ5 ሜትር ነው እኮ! ማካፈል ብሎ አልጠራውም እንጂ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዴካርት መጣና እ.ኤ.አ. በ1637 አንድ መስመር መርጦ «1» አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ መስመር ከመስመር ተባዝቶም ተካፍሎም መስመር ሊሆን ቻለ። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩ ገና ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ከመለኪያ ጋር ማስላትን ደንብ ያበጀለት ደግሞ ፈረንሳዊው ፉርዬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት ባሳተመው ሥራ።

ደረጃ 3፦ ስሞቹን አንድ አድርጉ

አንዱ በሜትር፣ ሌላው በሳንቲ ከሆነ ወደ አንዱ መልሱ። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያዳልጠው ካሬው ላይ ነው። 1 ሜትር 100 ሳንቲ ነው። 1 ካሬ ሜትር ግን 100 ካሬ ሳንቲ አይደለም፤ 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ነው። ሜትር ኩቡ 1,000,000 ሳንቲ ኩብ ይደርሳል።

ሳሎኔን እንደገና እንየው። 14.4 ካሬ ሜትርን 1,440 ካሬ ሳንቲ ነው ብላችሁ ለአንዱ ሴራሚክ ስፋት፣ 40 በ40 ማለትም ለ1,600፣ ብታካፍሉ 0.9 ይመጣል። ከአንድ ሴራሚክ ያነሰ ሳሎን! ትክክለኛው 144,000 ለ1,600 ነው፤ 90።

መለኪያውን አንድ ሳያደርጉ ማካፈልም ይቻላል፤ ስሙን መጥራት ብቻ እንዳይረሳ። አንድ ዳገት በ0.1 ኪሎ ሜትር አግድም ጉዞ 12 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ፣ 12 ለ0.1 ሲካፈል «በኪሎ ሜትር 120 ሜትር» ይሆናል። ይህ ስሕተት የለበትም። ሁለቱንም በሜትር ካደረግነው 0.12 ነው፤ 12 ከመቶ። ነገሩ አንድ ነው። 120 ብቻ ብሎ መጻፍ ግን ዳገቱን ገደል ያደርገዋል።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን ለቁጥር፣ መለኪያውን ለመለኪያ

ይህ አጭር ነው። ካሬ ሜትር ማለት ሜትር በሜትር ነው። ለሜትር ሲካፈል አንዱ ሜትር ይጣፋና አንዱ ይቀራል። ሜትር ኩብ ሦስት ሜትር ነው። ለካሬ ሜትር ሲካፈል አንድ ሜትር፣ ለሜትር ሲካፈል ካሬ ሜትር ይቀራል። የቀረው መለኪያ መልሱ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ይነግራችኋል። ርዝመት ስትፈልጉ ካሬ ከቀረ ያካፈላችሁት ሌላ ነገር ነው፤ ቁጥሩን ሳታዩ ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ የቀረውን ሣሉት

መለኪያው የተረፈው ለጌጥ አይደለም። አንድ የሚታይ ነገር አለ። ፈልጉት።

ሜትር ኩብ ለካሬ ሜትር ሲካፈል ከፍታ፣ ጥልቀት ወይም ውፍረት ይሰጣል። ጎንደር ላይ ክረምቱ መቼም ክረምት ነው። ጣሪያችሁ 60 ካሬ ሜትር ይሸፍናል እንበል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በዝናብ ውኃ ለመሙላት ምን ያህል ዝናብ ይፈልጋል? 1,000 ሊትር 1 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ 2 ሜትር ኩብ ለ60 ካሬ ሜትር 0.033 ሜትር፣ ወይም 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የዝናብ ትንበያ ላይ «ሚሊ ሜትር» የሚሉት ይህንኑ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ማለት ነው። ሰው ለምን ዝናብ በሊትር እንደማይነገር ሲጠይቅ እሰማለሁ። በሊትር ነው የተነገረው፤ ለካሬ ሜትር ተካፍሎ ነው እንጂ። አንድ ማሳሰቢያ፦ የጣሪያው ስፋት ስንል የሚሸፍነውን መሬት ነው፤ የቆርቆሮውን ዘንበል ያለ ስፋት አይደለም። ዝናቡ ቆርቆሮው ስለተንጋደደ አይበዛም።

ቀለምም ያው ነው። ጣሳው ላይ 1 ሊትር 10 ካሬ ይቀባል ተብሎ ቢጻፍ፣ 0.001 ሜትር ኩብ ለ10 ካሬ ሜትር 0.0001 ሜትር ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር! እርጥቡ ቀለም ግድግዳው ላይ የሚኖረው ውፍረት ነው። ቀቢው ውኃ አብዝቶ 1 ሊትሩን ለ20 ካሬ ካዳረሰው ምን እንዳደረገ አሁን ታውቃላችሁ።

ሜትር ኩብ ለሜትር ሲካፈል ደግሞ ቁርጥ ፊት ነው፤ ነገሩን እንደ ሙልሙል ዳቦ በቢላ ብትቆርጡት የሚታየው ፊት። 16 ሜትር ኩብ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ መጣ። የመሠረቱ ቦይ 40 ሜትር ይረዝማል። 16 ለ40 ሲካፈል 0.4 ካሬ ሜትር ይሰጣል። በእያንዳንዱ ሜትር ቦይ ላይ የሚቆመው የድንጋይ ግንብ ፊቱ 0.4 ካሬ ነው ማለት ነው። ወርዱ 50 ሳንቲ ከሆነ 80 ሳንቲ ከፍ ይላል። የሲሚንቶና የአሸዋውን ነገር ለግንበኛው ትቼዋለሁ።

ተገልብጦስ? ሜትር ለካሬ ሜትር? እዚህ ላይ ብዙ ሰው እጁን ይሰጣል። 250 ካሬ ሜትር ጓሮ ላይ የድንች መደብ አወጣችሁ። የመስመሮቹ ርዝመት ሲደመር 500 ሜትር ሆነ። 500 ሜትር ለ250 ካሬ ሜትር ሲካፈል «2 ለሜትር» ነው። ምን ማለት ነው? መስመሮቹን አቋርጣችሁ ስትሄዱ በየሜትሩ 2 መስመር ትሻገራላችሁ። ገልብጡት፤ በመስመርና በመስመር መካከል ግማሽ ሜትር አለ። እንዲህ ተገልብጦ የመጣ መለኪያ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ጥግግት ነው።

ሰዓት ከገባበትም አትደንግጡ። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ እየተሳበ የሚሞላውን የፋሲለደስ መዋኛ አስቡ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ የመዋኛው ልክ አይደሉም። 1,500 ካሬ ሜትር ገንዳ ላይ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ውኃ ቢገባ፣ 60 ለ1,500 ሲካፈል በሰዓት 0.04 ሜትር ነው። ውኃው በየሰዓቱ 4 ሳንቲ ከፍ ይላል። 2 ሜትር እስኪደርስ 50 ሰዓት። ከበዓሉ ከሦስት ቀን በፊት መጀመር ይሻላል።

ደረጃ 6፦ መልሱ በምድር ላይ ይቆማል ወይ?

መጀመሪያ መልሳችሁ አባዙ። 12 ሜትር በ5 ሜትር 60 ካሬ ሜትር ይመለሳል። መለኪያውም አብሮ መመለስ አለበት። ቀጥሎ ቅርጹን ጠርጥሩ። 60 ለ5 ሲካፈል ርዝመት የሚሆነው ቦታው ጎኖቹ ቀጥ ብለው የቆሙ አራት ማዕዘን ስለሆነ ነው። 200 ካሬ ቦታ ፊቱ 10 ሜትር ቢሆን ወደ ውስጥ 20 ሜትር ይገባል እንላለን። ቦታው ሰያፍ ከሆነ ግን 20 አማካይ ነው። አንዱ ጎን 18፣ ሌላው 22 ሊሆን ይችላል።

ልጅቷ ይህን ሰማችና ፈተነችኝ። «እሺ፣ የፋሲል ግቢን እናካፍለው።» ስልክ ላይ ፈለገች። በየቦታው ተጽፎ የሚገኘው የግቢው ስፋት ወደ 70,000 ካሬ ሜትር፣ አጥሩ ደግሞ 900 ሜትር ነው። ስፋቱን ለአጥሩ ዙሪያ አካፈለችው። 77.8 ሜትር። «ይሄ የምኑ ሜትር ነው?»

ጎኑ አይደለም፤ ግቢው አራት ማዕዘን አይደለምና። ግን ትርጉም አለው። አጥሩን እንደ ክር ፈታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉት። 900 ሜትር መስመር ሆነ። የግቢውን መሬት ሁሉ በዚያ መስመር ላይ እኩል አድሉት። ለእያንዳንዱ ሜትር አጥር 77.8 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል፤ ማለትም 77.8 ሜትር ወደ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ቀጥለን ለማወዳደር ሌሎች ቅርጾችን አካፈልን። ባለ 900 ሜትር ዙሪያ ካሬ ጎኑ 225 ሜትር ነው። ስፋቱ 50,625 ካሬ ሜትር ይመጣል። ለ900 ሲካፈል 56 ሜትር ገደማ። ክብስ? ዙሪያው 900 ከሆነ ሬዲየሱ 143 ሜትር ያህል ነው፤ የክብ ስፋት ለዙሪያው ሲካፈል ደግሞ ሁልጊዜ የሬዲየሱ ግማሽ ይሆናል። 71.6 ሜትር።

እዚህ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። በአንድ ልክ አጥር ብዙ መሬት በመያዝ ክብን የሚበልጥ ቅርጽ የለም። 71.6 ጣሪያው ነው። 77.8 ከጣሪያው በላይ ወጣ! 900 ሜትር አጥር ቢበዛ ቢበዛ የሚከብበው 64,500 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 70,000ን ለመክበብ ፍጹም ክብ እንኳ ቢሆን 938 ሜትር አጥር ይፈልጋል። ግቢው ደግሞ ክብ አይደለም።

«ታዲያ ግንቡ ይዋሻል?» አለች።

ግንቡስ አይዋሽም። ሁለቱ ቁጥሮች የተጠጋጉ ይመስለኛል፤ ወይም አንዱ ከአጥሩ ውጭ ያለ መሬት ጨምሮ ይሆናል። አብረው ትክክል ሊሆኑ ግን አይችሉም። ይህን ያወቅነው ሜትር ሳንይዝ፣ ከቡናው ሳንነሳ ነው።

አሁን ቅዳሜ ልትቆጥረው ነው። እርምጃዋን ለክተናል፤ 60 ሳንቲ ነው። 900 ሜትር ለ0.6 ሜትር 1,500 እርምጃ። አጥሩን በውጭ በኩል ዞራ ከ1,563 በታች ከቆጠረች 70,000 የሚለው ወደቀ።